ባለ አረንጓዴው ክር

ጎረቤቴ ማርታ ደውላ «ምንም የለም» ያለችኝ ጊዜ ነው ጉድ መፈጠሩ የገባኝ።

እናንተዬ፣ ምንም ከሌለ ማን ካርዱን አቃጥሎ ይደውላል? ማርታ ደግሞ ሚስኮል አድርጋ «መልሰሽ ደውዪ» የምትል ሴት ናት። እኔ ቦዲቲ እህቴ ቤት ቁጭ ብዬ ጎደሬ እየላጥኩ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ያዝ አድርጌ «አቤት» አልኩ።

«የምሕረት እናት፣ እንደምን ዋልሽ? ምንም የለም።»

«ምኑ ነው ምንም የሌለው?»

«ምንም። ምሳ በልተሻል?»

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። የኛን ሰው ታውቁት የለ? መርዶ ሊያረዳ ሲል መጀመሪያ ስለ ሆድሽ ይጠይቃል። አብልቶ ነው የሚያስለቅስሽ። እኔም «አልበላሁም! ገና አልበላሁም!» ብዬ ጮህኩ። እስካልበላሁ ድረስ ማንም የማይሞት መስሎኝ ነው።

«እንግዲያው ብይና ነይ። ቀስ ብለሽ ነይ። ግን ቶሎ ነይ።»

«የምሕረት አባት ነው?»

«እሱማ ምን ይሆናል… በሩን ከውስጥ ዘግቷል መሰለኝ። አንቺ ብቻ ነይ» አለችና ዘጋችው። ከመዝጋቷ በፊት ከኋላዋ የሴት ለቅሶ ሰማሁ።

የምሕረት አባት ባሌ ነው። ምሕረት የመጀመሪያ ልጃችን ናት፤ ቦምቤ ከተማ ታስተምራለች። አምና ባሌን የደም ግፊቱ ግቢ ውስጥ ጥሎት ነበር። ሐኪሙ ጨው እንዳይበላ፣ እንዳይደነግጥ፣ እንዳይናደድ አለ። ጨዉን ከለከልኩት። ንዴቱን ግን ማን ይከልክልልኝ? የማናድደው ራሴ ነኝ።

ያን ቀን ጠዋትም ተጣልተን ነው የወጣሁት። በምን መሰላችሁ? በመሬት አይደለም፣ በዘመድም አይደለም። በፈረንጅ ሙዚቃ መሪዎች።

እህቴ ጎደሬውን ሳይቀር በፌስታል ጠቅልላ አሸከመችኝና ሚኒባስ ውስጥ ከተተችኝ። መስኮት ዳር ተቀምጬ ፌስታሉን እንደ ሕፃን አቀፍኩት። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ዓይኔን አይተው «ለቅሶ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ምንም የለም» አልኩ። ወዲያው ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ትከሻዬን ይዳብሱ ጀመር። ይኸው፣ እኔ ራሴ ብናገረው እንኳ ያስፈራል።

ከቦዲቲ ቤታችን ያለበት ሶዶ ሩቅ አይደለም። የፈራ ሰው ግን በዚያች መንገድ ላይ ትዳሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ይችላል። እኔም አየሁት።

ባሌ ወጣት ሳለ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ግቢ ውስጥ ጄኔሬተር ይጠብቅ ነበር። ሐኪሙ አገሩ ሲገባ አንድ ቴፕና አንድ ትልቅ ካርቶን ሰጠው። ካርቶኑን ሳይ ልብስ መስሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ስከፍተው ካሴት። ካሴቱም መዝሙር ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ሰው የማይዘፍንበት ሙዚቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ድሮ የሞተ የፈረንጅ ሙዚቃ ደራሲ ዘጠኝ ሲምፎኒ ጽፏል። ሲምፎኒ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው አንዱ ተጀምሮ እስኪያልቅ ሽሮው ይሠራል፣ ይበላል፣ ዕቃው ይታጠባል። ዘጠኙንም ደግሞ ሦስት የተለያዩ መሪዎች፣ ያቺን ቀጭን ዱላ እያወዛወዙ፣ ሦስት ጊዜ አስቀርጸውታል። ካርቶኑ ውስጥ የሦስቱም አለ። አንድ ሙዚቃ ሦስት ጊዜ!

«ያው ከሆነ አንዱን አስቀርተን ሁለቱን ለሰው ብንሰጥስ?» አልኩት።

«ዳጣ ሁሉም ሴት ይወቅጣል አይደል?» አለኝ። «ቃሪያው ያው፣ ዝንጅብሉ ያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ያው። ታዲያ አንቺ ለምንድነው የእናትሽ ካልሆነ አልበላም የምትዪው?»

የእናቴ ዳጣ በእውነት ሌላ ነው።

ካሴቶቹ ላይ የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል ነው። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ያውም ሦስተኛን ሁለቴ ተምሬ። ስለዚህ የስፌት ክሬን አመጣሁና በየልባሱ ላይ አሰርኩበት፤ ላንዱ መሪ ቀይ፣ ላንዱ ጥቁር፣ ላንዱ አረንጓዴ። ከዚያ ወዲያ ስማቸው ይኸው ሆነ። ባሌ፣ ማንበብ የሚችለው ሰውዬ እንኳ፣ «ጥቁሩን አምጪልኝ» ማለት ጀመረ።

ባለ ቀዩ፣ የባሌ ምርጫ፣ የሚሄድበት ያለው ሰው ነው። ሙዚቃውን የሚያስኬደው መኪና ሊያመልጠው እንደሆነ ሁሉ ነው። ባለ ጥቁሩ ቁጡ ነው፤ ከበሮ ሲያስመታ ሳህኖቼ መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ፣ ጆሮሽን ካስጠጋሽ ደግሞ ራሱ ሲያጉረመርም ይሰማል። ባለ አረንጓዴው ግን… ባለ አረንጓዴው አይቸኩልም። አንዱን ድምፅ ያነሳና፣ አስተኝቶ፣ አልብሶ፣ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው የሚሄደው።

ከዘጠኙ የምንወደው አምስተኛውን ነበር። መጀመሪያ አንድ ጡሩምባ ብቻውን ይነፋል። ሦስቴ ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ አንዱን ረጅም ይይዛል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮሃል። ወደ መጨረሻው ገደማ ደግሞ ጡሩምባውም ከበሮውም ዝም ይላል፤ ባለ ክር መሣሪያዎቹና የፈረንጅ በገና ብቻ ይቀራሉ። ምሕረት ሕፃን ሳለች እንቅልፍ የወሰዳት በዚያ ነው።

ያኔ ዳሞታ ተራራ ግርጌ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይተን ነበር። ክረምት ነው፣ ልጅቷ ሆዷን ያማታል፣ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ጠጠር ይበትናል። ባሌ ያንን የአረንጓዴውን የክሮችና የበገና ቦታ ሲከፍት፣ እሷ ደረቴ ላይ ልጥፍ ብላ ትንፋሿ ይረጋል። አንድ ቀን በቀዩ ሞከርኩ፤ ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ፣ እሷም የምትሄድበት እንዳለ ሁሉ እግሯን ታወራጭ ጀመር።

ጣጣው ባትሪው ነው። መብራት ስላልነበረን ቴፑ የሚሠራው በድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም በጥርሳችን ነከስ ነከስ እናደርገውና ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እናሞቀዋለን። በደከመ ድንጋይ ደግሞ ቀዩም ይጎተታል፣ ጡሩምባውም እንደታመመች ላም ያቃስታል። ታዲያ ባሌ ምን ይላል መሰላችሁ? «ያንቺ አረንጓዴ ቀስ የሚለው ድንጋዩ ደክሞ ነው እንጂ ሰውዬው እንደሌላው ሰው ነው።»

«ሰውዬው ነው!»

«ድንጋዩ ነው!»

ቴፑ ሞተ፣ ካሴቶቹን አይጥና እርጥበት ተካፈሏቸው፣ ክርክሩ ግን አልሞተም። ልጆች አድገው ከቤት ወጡ፣ እኛ ግን ጎመን እየቀነጠስን «ድንጋዩ ነው» «ሰውዬው ነው» እንባባላለን። እንዲያው ስንወደው ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ምሕረት፣ እግዜር ይይላትና፣ ክሩ የታሰረባቸውን ባዶ ልባሶች ከሳጥን አውጥታ፣ በስማቸው ከኢንተርኔት ፈልጋ፣ ሦስቱንም በፍላሽ ጭና ላከችልን። ባሌ ፍላሹን አንገቱ ላይ እንደ ቁልፍ አንጠልጥሎ ዋለ። እኔ ግን ፈራሁ። ብሰማውና አረንጓዴው ፈጣን ሆኖ ቢገኝስ? ያ ዝናብ፣ ያ ደረቴ ላይ የተኛ ሕፃን፣ ያ ወጣትነታችን ሁሉ የደከመ ድንጋይ ነበር ማለት አይደለም?

ያን ቀን ጠዋት «ዛሬ ይለይለት» አለኝ።

«አልሰማም።»

«ፈርተሽ ነው። ቀዩ እንደሚበልጥ ታውቂያለሽ።»

ነጠላዬን አነሳሁና ከበር ላይ ዞሬ «አንተና ቀይህ አብራችሁ ተቀበሩ!» ብዬው ወጣሁ።

እንግዲህ ሚኒባሱ ውስጥ ያቃጠለችኝ ይህቺ ቃል ናት። ሰው ከባሉ ጋር ዕድሜውን ኖሮ የመጨረሻ ቃሉ ስለ ሙዚቃ መሪ ይሆናል? ባሌስ ለመላእክቱ ምን ይላቸዋል? «ሚስቴ በቀዩ ምክንያት ተቀበር አለችኝ» ሊል ነው?

ሶዶ መናኸሪያ ወረድኩ። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ገና ሲያየኝ ወርዶ ፌስታሌን ተቀበለኝ። ይህ ሰው አሮጊት ስትሳፈር እንኳ ስልኩን የማያስቀምጥ ነው። መንገዱን ሁሉ ጉድጓድ እየዞረልኝ፣ እንቁላል እንደጫነ እየነዳ ወሰደኝ። ስደርስ ሂሳብ ላወጣ እጄን ወደ ደረቴ ስሰድ «ተይው እናቴ» አለ።

የባጃጅ ነጂ ሂሳብ ተይው ሲል! እናንተዬ፣ እዚያው አበቃልኝ። እስከዚያ ድረስ ትንሽ ተስፋ ነበረኝ።

ወደ ቤቴ በሚያስገባው ቅያስ ወንዶች የእድሩን ድንኳን ብረት ተሸክመው ይሄዳሉ። ሴቶች ነጠላቸውን ገልብጠው ለብሰው አጥሬን ተደግፈዋል። በትልቅ ብረት ድስት ንፍሮ ይፈላል። ድስቱ ደግሞ የኔ ነው፤ ለማርታ ካዋስኳት የቆየ፣ «ጠፋብኝ» ያለችኝ። በዚያ ሰዓት እንኳ አይቼዋለሁ፣ አልዋሽም።

ከበሩ አጠገብ አቶ አንጁሎ ጡሩምባውን ብብቱ ሥር አድርጎ ከእድሩ ሰብሳቢ ጋር ይጨቃጨቃል። አንጁሎ የሰፈራችን ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ለሰፈሩ የሚያሰማው እሱ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካትም።

«ያለ እኔ ማን ነፋ? ነፊው እኔ አይደለሁም?»

«አንጁሎ፣ ሰው ሞቷል እኮ፣ ቆይ አሁን።»

«ይሙት! ሥርዓት የለም? አንዴ መነፋት ያለበትን ከጠዋት ጀምሮ እየደጋገመ! የመጀመሪያው ጥድፊያ ነው። የስብሰባ ነው እንጂ የሞት አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ይቆጣል። በማን ላይ ነው የሚቆጣው? በሟቹ ላይ?»

ማርታ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አይዞሽ የኔ እህት፣ ምንም የለም።»

«ማርታ፣ በናትሽ፣ ንገሪኝ!»

«ምን ልንገርሽ? ጡሩምባው ከናንተ ቤት ተነፋ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ከበሮም አለበት። የገጠር ዘመዶቹ ቀድመውሽ ሳይገቡ አልቀሩም። በሩን ብንደበድብ ብንደበድብ ማን ይስማን!»

ጠዋት ብቻውን ነው የተውኩት። ዘመዶቹ መቼ ደረሱ? ማን ነገራቸው? እነሱ ሰምተው እኔ ሚስቱ ጎደሬ እልጣለሁ? አእምሮዬ እንዲህ እየሮጠ፣ ከአንጁሎ የሰማሁትን እንኳ መመዘን አቅቶኝ፣ ልወድቅ ስል…

ጡሩምባው ከግቢዬ ተነፋ።

ሴቶቹ እሪ አሉ። ወንዶቹ ባርኔጣ አወለቁ። እኔ ግን ቆምኩ። ሦስቴ ቆረጥ ቆረጥ። ከዚያ አንዱን ረጅም ያዘ። ያዘ። እንደያዘ ነው። ማንም ሊይዘው ከሚገባው በላይ ይዞት፣ አስተኝቶት፣ አልብሶት፣ በስንት ጊዜው ወደሚቀጥለው ሄደ።

እኔ ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ!

ጥድፊያ ያለው የመጀመሪያው ቀዩ ነው። የተቆጣው ጥቁሩ ነው። ይሄ ሦስተኛው የኔ ነው። ደግሞስ ቀዩን አጥፍቶ ጥቁሩን፣ ጥቁሩን አጥፍቶ አረንጓዴውን የሚከፍት ማነው? ሬሳ ሙዚቃ ይቀይራል?

ሳቄ መጣ። እንዴት ያለ ሳቅ! ፌስታሉ ከእጄ አምልጦ ጎደሬው በለቀስተኛው እግር ሥር ተንከባለለ።

«አረንጓዴው ነው!» እላለሁ። «ማርታ፣ አረንጓዴው ነው! ድንጋዩ አይደለም፣ ሰውዬው ነው!»

«አዎ የኔ እህት፣ አረንጓዴ ነው» ትለኛለች እያለቀሰች። «ሁሉም አረንጓዴ ነው። ውሃ አምጡ! አእምሮዋን ሳተች!»

ሁለት ጠንካራ ሴቶች ግራና ቀኝ ጨመደዱኝ። አንዷ በኢየሱስ ስም ትገስጻለች፣ አንዷ አናቴ ላይ ውሃ ታፈሳለች። እኔ ውሃው በጡቴ መሃል እየወረደ እስቃለሁ። በዚህ መሃል ውስጥ ያለው ኦርኬስትራ በሙሉ ፈነዳ፤ ለቀስተኛው «ኸረ ተጨረሱ!» ብሎ አብሮ ፈነዳ። ከዚያ ባሌ እንደ ልማዱ መጀመሪያዋን ብቻ ሰምቶ አጠፋው። ይቺን ፋታ ነው የጠበቅኩት። ከሴቶቹ እጅ ተመንጭቄ በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

«የምሕረት አባት! ክፈት! ድንኳን ሊተክሉብህ ነው!»

ተከፈተ።

ቆሟል። በሁለት እግሩ ቆሟል። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ፣ ፍላሹ የነበረበት ገመድ አንገቱ ላይ፣ በቀኝ እጁ ደግሞ የኔን ማማሰያ ይዟል። ከጠዋት ጀምሮ በማማሰያዬ ሲመራ ነው የዋለው።

«መጣሽ?» አለኝ። «አረንጓዴውን አንቺ እስክትመጪ ላቆየው ነበር፣ አላስችል አለኝ…» ከዚያ በላዬ አሻግሮ ሰዉን፣ ብረቱን፣ የተገለበጠውን ነጠላ አየ። ፊቱ አመድ ሆነ።

«ማን ሞተ?»

አንጁሎ «አንተ ነህ» አለው። «ግን መጀመሪያ ማን እንደነፋልህ ንገረኝ።»

የዚያን ጊዜ ጋሽ ሸምሱ ከጁምዓ ሲመለስ ሰዉን እየገፋ ደረሰ። ጋሽ ሸምሱ ሬዲዮና ስፒከር የሚሸጥ ጎረቤታችን ነው፤ ለካ ባሌ እኔ እንደወጣሁ ከሱቁ ትልቁን ስፒከር ተውሷል። «ወላሂ እስከ ግማሽ ብቻ ብዬህ ነበር!» አለ፤ ሟቹን እንኳን ደህና ሆንክ ሳይል ዘሎ ገብቶ ስፒከሩን እንደ ታመመ ልጅ ዳበሰው።

የእድሩ ሰብሳቢ ተቆጡ፣ አሮጊቶቹ ጌታን አመሰገኑ፣ ሌሎቹ ከሳቅ ብዛት አጥሬን ሊጥሉት ደረሱ። ባሌን እየዞሩ ይዳብሱታል። ማርታ ድስቱን ከኋላዋ ልትደብቅ ሞከረች። ንፍሮው ግን በስሏል፣ አግዳሚው ወርዷል፣ ሰዉም ሥራውን ትቶ መጥቷል። «እንግዲህ የገደለንን ነገር እንስማው» አሉ አንድ ሽማግሌ። ስፒከሩ ወደ ደጅ ወጣ። በጋሽ ሸምሱ ትእዛዝ እስከ ግማሽ ብቻ ተከፈተ።

አንጁሎ የሦስቱንም ጡሩምባ በድጋሚ አሰምቶ ፍርድ ሰጠ፤ ቀዩን ናቀው፣ ጥቁሩን «ይህ ሰው ይታከም» አለው፣ አረንጓዴውን ሲሰማ ግን «ይሄ እኔ ነኝ። የሆነ ጊዜ ሳላውቅ ቀድተውኛል» አለ። እስከ ዛሬ ድረስ ይኸንኑ ይላል።

ከዚያ ባሌ ወደ ክሮቹ አሳለፈው። ክሮቹና በገናው ሲጀምሩ ንፍሮ የሚያኝኩት እንኳ ቀስ አሉ። ባሌ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጠዋት ያልኩህን ነገር…» አልኩት።

«ምን አልሽኝ? ጆሮዬን ታውቂው የለ፣ አልሰማሁሽም።»

ያን ሁሉ መንገድ መላእክቱን እንግዲህ በከንቱ ነው ያስቸገርኳቸው።

ስልኬ ጮኸ። ምሕረት ናት፣ ከቦምቤ፣ እያለቀሰች። «እማዬ፣ ማርታ ደውላ ምንም የለም አለችኝ! አባዬ ምን ሆነ?»

ምን ልመልስ? «ምንም የለም» ብላት ትሞትብኛለች። ስልኩን ዝም ብዬ ወደ ስፒከሩ ዘረጋሁት። ትንሽ ቆይቼ ወደ ጆሮዬ መለስኩት። ለቅሶዋ ቆሟል፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል፣ የረጋ።

«እማዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄን የት ነው የማውቀው?»

«ደረቴ ላይ» አልኳት።

ባሌ ማማሰያዬን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስኪያልቅ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ስፒከሩ ሶኬት አየ፣ መብራቱ እየሠራ ነው፣ ድንጋይ የሚባል ነገር የለበትም። አየና «ሰውዬው ነው» አለኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኳት ቃል! ግን ሲናገራት ድምፁ ትንሽ ከፋው። ዓይኑን ሳይ እኔም ክርክራችን ማለቁ ከፋኝ።

«ቀዩንም ደግመን እንስማው እስቲ» አልኩት። «እስከ ግማሽ ስለተከፈተ ይሆናል የተጣደፈ የመሰለው።»

ፊቱ በራ። «አይደል?» አለ።

አመሻሽ ላይ ድንኳኑ ሳይተከል ተመለሰ፤ ድስቴ ግን ቀርቷል። በሩን ዘጋሁ። ቤቴ ገብቻለሁ። ባሌ በሕይወት አለ፣ ልጄም ሰምታለች። ደህና ነን።